ከድሮው አንድ ስንዝር ዝቅ

የካቲት 11

ጽሑፉ ተመልሶ መጣ።

አልተጣለም፤ «ተስተካክሎ ይቅረብ» ነው የሚለው። ገምጋሚዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በአራት መስመር አመስግኖ ጨርሷል፤ እንዳላነበበው ያስታውቃል። ሁለተኛው ሦስት ገጽ ጽፏል። እሱ አንብቦታል።

መልሳችን እስከ ሚያዝያ 14 መግባት አለበት። ለጋሹ ድርጅት የመጽሔቱን የመቀበያ ደብዳቤ እስከ ሚያዝያ 30 ካላየ የሚቀጥለውን ሦስት ዓመት ድጎማ ለሌላ ይሰጣል። የሚዘጋው እንግዲህ አራት የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ነው። አራት መዝጋቢ፣ አንድ ሾፌር፣ ባልደረባዬ ጥንቅቅ፣ እኔ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ዘበኛው «የጠፋ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር የምዞረው።

የካቲት 12

ስብሰባ። የክፍላችን ኃላፊ፣ ጥንቅቅና እኔ። ኃላፊውን በሌለበት እንደምንም እንለዋለን፤ «እንደምንም ብለን» ሳይል የሚጀምረው ነገር የለም። ጥንቅቅ የቁጥሩን ሥራ የምትሠራልኝ ባልደረባዬ ናት። ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ስለምትለቅም ይህ ስም ወጣላት፤ አሁን እሷም ስልክ ስታነሣ «ጥንቅቅ ነኝ» ትላለች።

አምስተኛውን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበችው። በሰባተኛው ዓመት፣ ያለ ወቅቱ ከመጣው ጎርፍ በፊትና በኋላ፣ የበጋው ውሃ ከፍታ በሃያ አንድ ሳንቲሜትር ይለያያል። መካከሉ ላይ የዘጠኝ ቀን ክፍተት አለ። ከዚያ ወዲህ ከፍታው ለአራት ዓመት አልወረደም። የዚያ ዓመት የመስክ ደብተር ቅጂ ይላክልኝ ይላል።

«ይላክለታ!» አለ እንደምንም። «ደብተር ነው የጠየቀው፤ ኩላሊት አልጠየቀ!»

«ሰባተኛውን ደብተር ፈልጌ አጣሁት» አልኩ።

ጥንቅቅ ዞራ አየችኝ። «ባለፈው ሳምንት አቧራ ሳራግፍ አሥራ አንዱም መደርደሪያው ላይ ነበሩ።»

«አሥር ይሆናሉ።»

«ይሆናሉ» አለች።

ጥንቅቅ «ይሆናል» የምትል ሰው አይደለችም።

የካቲት 14

ባለቤቴ ለመጻሕፍቱ መደርደሪያ እሠራለሁ ብሎ ተነሥቷል። የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ምስማር የያዘበትን ቀን አላስታውስም።

«ሜትሩ የት ገባ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ተቆልፏል።»

«ቁልፉን ፈልጌ እሰጥሃለሁ።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጣቴ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

የካቲት 16፣ እሑድ

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ባለቤቴ ደጅ ሳንቃ እያየ ነው። ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ጽሑፋችን የሚለው ይህ ነው። በላይኛው ተፋሰስ እርከን ተሠራ፣ ዛፍ ተተከለ፤ ያሠራው ለጋሹ ነው። ከዚያ በኋላ የወንዙ የበጋ ውሃ ጨመረ። በቃ። ሃያ ስድስት ገጽ የሆነው ለማስረጃው ነው። ያልወደደው ሰው የለም። አንድ ጉባኤ ላይ ሳቀርበው ሰዎች ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ለውሃ ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማስረጃው ከአራቱ ጣቢያ የአንዱ ሰሌዳ ነው። ወንዙ ዳር በሲሚንቶ የተተከለ፣ በሳንቲሜትር የተከፋፈለ ረጅም ሰሌዳ። መዝጋቢው ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይወርዱና ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አንብበው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን በእጄ ይሰጡኛል። ከዘጠኙ ቀን በቀር በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልቀሩም። ልጃቸውን በዳሩበት ቀን እንኳ እንግዳውን «መጣሁ» ብለው ወርደዋል ይባላል። ሰባ አልፏቸዋል። እኔን ልጄ ይሉኛል።

አንድ ዐመል አላቸው። ከቁጥሩ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ ያሻቸውን ይጽፋሉ። «ዛሬ ውሃው ቀይ ነው።» «ጥጃ ወሰደ።» «ጉንፋን ይዞኝ በዱላ ወረድኩ፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ነው።»

ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ። ለጠርዙ ጽሑፍ ቦታ የለውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ረጋ ብዬ ልጻፍ ያልኩት ሌላ ነገር ነበር። ይቆይ።

የካቲት 20

ጥያቄ 1፣ 2፣ 3 አለቁ። 4 ግማሽ። 5 ይቆይ።

ኮሪደር ላይ የመስኖ ቢሮው መሐንዲስ ለእንደምንም ሲነግረው ሰማሁ። «የእናንተ ጽሑፍ ይውጣልኝ እንጂ ሁለተኛውን ቦይ በማግስቱ ነው የማስቆፍረው። አራት መቶ አባወራ ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል። ውሃው አለ አላችሁን፤ ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ለምን ወጥቼ እንደነበር ረሳሁት። ኋላ ትዝ አለኝ፤ ሽንት ቤት ነበር።

የካቲት 24

መዝጋቢው ጋ ደወልኩ። ጤና ጠየቅኋቸው፤ ስለ ጉልበታቸው አወራን። ከዚያ እንደዋዛ፦

«አባባ፣ ወንዙ እነዚህን ዓመታት በበጋ ጨምሯል አይደል?»

«ማነው ያለው?»

«ቁጥሩ።»

«እንግዲህ የቁጥሩን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ ልጄ። እኔ የምሻገርባቸው ድንጋዮች ያው ናቸው። ድሮም ቁርጭምጭሚቴን ነበር የሚያረጥበኝ፣ ዛሬም ቁርጭምጭሚቴን ነው።»

«እርጅና ይሆናል» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም።

ሳቁ። «እሱስ አለ። ሰው ሲያረጅ ግን የሚያጥረው ከላይ ነው እንጂ ቁርጭምጭሚቱ የት ይሄዳል?»

ልዘጋው ስል «ጽሑፉ ላይ ስሜ ይገባል ብለሽኝ ነበር» አሉኝ። ገብቷል አልኳቸው። ምስጋናው ላይ ነው። የመጨረሻው ገጽ፣ ሁለተኛው መስመር።

የካቲት 29

የገምጋሚውን አምስተኛ ጥያቄ ስድስት ጊዜ መልሼ ስድስቴ አጠፋሁት። «ጎርፉ የወንዙን ወለል ለውጦት ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። አያስኬድም። «ከፍታው የጨመረው በዛፎቹ ምክንያት ነው» ብዬ ጻፍኩ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ?

ኢሜይሌን በየሩብ ሰዓቱ እከፍታለሁ። የሚመጣ ነገር የለም፤ ላኪዋ እኔ ነኝ።

መጋቢት 2

ባለቤቴ ሜትሩን መጠየቅ ትቶ ግድግዳውን በስንዝር ለካው። «አሥር ስንዝር ከአራት ጣት» ብሎ ለአናጢው በስልክ ነገረው። ሳንቃዎቹ ዛሬ መጡ። ከግድግዳው አልፈው በሩን ዘጉት።

«የሰውዬው እጅ አካፋ ነው!» እያለ ብቻውን ሳቀ። «እኔ ደግሞ ለሰው ልጅ ሂሳብ አስተምራለሁ! አትስቂም እንዴ?»

«ስቄአለሁ።»

«አላየሁሽም።»

ሲወጣ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁት። አሥራ ዘጠኝ ሳንቲሜትር። የመዝጋቢው እጅ ከእኔ ይበልጣል። ይህ ከምንም ጋር አይገናኝም።

መጋቢት 6

እንደምንም መላ አገኘ።

«ጠፋ ካልን እኛ ጣልነው ማለት ነው፤ አያምርም። መዝጋቢው እጅ ላይ ጠፋ ቢባልስ? ሽማግሌ ሰው፣ ወንዝ ዳር፣ ጎርፍ። ማን ይፈርድባቸዋል? አንድ ገጽ ይፈርሙልንና እንደምንም ብለን እናያይዘዋለን።»

«እሳቸው አንድ ቀን ጠፋብኝ ብለው ያውቃሉ?» አለች ጥንቅቅ።

«ለዚህ ነዋ የሚታመነው!»

ሁለቱም እኔን ጠበቁ። መስኮቱን ተነሥቼ ዘጋሁት። ተዘግቶ ነበር።

መጋቢት 9

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አምስት መስመር ነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው መዝጋቢ...» በሌላ ሰው አፍ መጻፍ እንዲህ ከባድ አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ደወልኩ፤ ወረቀቱ ሳይነገራቸው ቢደርሳቸው ነውር ነው።

«በእጅሽ አልሰጠሁሽም እንዴ ልጄ? ዝናብ ይጥል ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ።»

«ብዙ ጊዜ ሆነው እኮ አባባ።»

ከበስተጀርባ ውሃ ይሰማል፤ ወይም መስመሩ ነው።

«አንቺ ካልሽ ጠፍቶ ይሆናል» አሉ። «እፈርማለሁ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ አመሰገንኳቸው። ቤት እስክደርስ በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ታክሲ አጠገቤ ቆሞ ጥሩምባ ነፍቶብኝ ሄደ።

መጋቢት 15

ምሳ ከጥንቅቅ ጋር።

«ያቺ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር ባትኖር ምን እንደሚወጣ አሰላሁት» አለች።

«ማን አስይ አለሽ?»

«ማንም። ዜሮ ነው የወጣው። ወንዙ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።»

ስለ ድጎማው አነሣሁባት። ስለ አራቱ መዝጋቢዎች፣ በሰኔ ስለሚያልቀው የእሷ ኮንትራት። ብዙ ተናገርኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ከጎናችን ያሉት ዞሩ።

«እኔን እያሰብሽ ከሆነ ተዪው ዶክተር» አለችኝ። «ሥራ ፈትቼ አውቀዋለሁ። አይገድልም፤ ያወፍራል።» ከሳህኔ ድንች አነሣች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ደብተሩ የተገኘ ቀን መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ።»

ይገኛል ብላ ነው የምታወራው። ምን ዐይነት ሰው ናት።

መጋቢት 20

ሾፌሩ ደብዳቤውን ይዞ ወጣ። አራቱንም ጣቢያ አዳርሶ ይመለሳል። ጥያቄ 4 አለቀ። 6 አለቀ። 7 አለቀ። እንቅልፍ ሸሽቶኛል፤ ቀን ቀን ግን ስብሰባ ላይ አንቀላፋለሁ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ባለቤቴ ኳስ ሊያይ ወጥቷል። መሳቢያውን ከፈትኩት። ሜትሩን ላወጣለት ነው።

ይኸው እንግዲህ። ሰባተኛው ደብተር መሳቢያው ውስጥ ነው። ከየካቲት 11 ጀምሮ እዚያ ነው። የገምጋሚውን ሦስት ገጽ ባነበብኩ በአሥረኛው ደቂቃ ነው ከመደርደሪያው ያነሣሁት። ዘበኛው የጠፋ ነገር አለ ወይ ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ገጹን ፍለጋ አያስፈልገውም፤ ደብተሩ ራሱ እዚያ ላይ ይከፈታል። ዘጠኝ ባዶ መስመር። ከዚያ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፦ «ጎርፍ ሰሌዳውን ጣለው። ዛሬ ከግንበኛው ጋር ሆነን አቆምነው። ከድሮው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። ሰው ይላኩ፣ ይለኩት።»

ሰሌዳው ዝቅ ሲል ውሃው ሳይነቃነቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። የጨመረ ወንዝ የለም። ዝቅ ያለ ሰሌዳ ነው ያለው። ሃያ ስድስት ገጽ የጻፍኩት ስለ አንድ ሽማግሌ መዳፍ ነው።

አላየሁትም ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። ማንም በማያነበው የግል ደብተሬ ላይ መዋሸት ምን ይሉታል? አይቼዋለሁ። ከአራት ዓመት በፊት፣ ቁጥሩን ሳስገባ፣ «ስንዝር ደግሞ ስንት ነው?» ብዬ ስቄ አልፌዋለሁ። ሰው አልላክሁም። መስመሩ ከፍ ብሎ ሲወጣ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ደስ ካለኝ በኋላ ስንዝሩን አላስታወስኩትም። እንዳላስታውሰው ተጠንቅቄ ነበር።

የደጁ በር ተንኳኳ። ደብተሩን መልሼ ከትቼ ቆለፍኩ። ጎረቤት ናት፤ ወንፊት ልትዋስ።

ሜትሩን ማውጣት ረሳሁ።

ሚያዝያ 3

የሾፌሩ መኪና ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ተበላሽታ ቆማለች። እንደምንም ጸጉሩን ይነጫል። እኔ ደስ ብሎኝ ሻይ ጠጣሁ።

ሚያዝያ 6

ከሥራ ስገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተዘግቶ። ሜትሩ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

«ኮትሽን ላጥብ ብዬ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አገኘሁ» አለ ባለቤቴ፣ ፊቱን ወደ ሳንቃው እንዳዞረ። «ሌላ ነገር አልነካሁም።»

«እሺ።»

«ቀዩ ሽፋን ላይ ሰባት ይላል። አልገለጥኩትም።»

ለሁለት ወር ስለጠፋው ደብተር በየእራቱ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሜትሩንም አብሬ።

«ሜትሩንም?» አለኝ።

የቦርሳዬን ዚፕ ዘጋሁት። መጋዙን አስቀምጦ አየኝ፤ ከዚያ በስንዝር መለካቱን ቀጠለ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ሾፌሩ ቤት ድረስ መጣ። ፖስታው ታሽጓል።

«ሽማግሌው እንደ ሌሎቹ አይደሉም» አለኝ። «ወረቀቱን ሰጥቻቸው አሳደሩኝ። ጠዋት ወንዝ ወርደው፣ ቁጥሩን አንብበው ተመልሰው ነው የፈረሙት። ‹በእጇ ስጣት› አሉኝ። ሁለቴ ነው ያሉኝ።»

ፖስታውን አልከፈትኩትም። ነገ።

ሚያዝያ 13

ነገ።

ሚያዝያ 14

የቢሮው ስካነር ከሞተ ቆይቷል። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ኮፒ ቤት ነኝ፤ ከፊቴ ሦስት ሰው አለ፤ ቆሜ ነው የምጽፈው። የቀረው ደብዳቤው ብቻ ነው። እንደምንም እስካሁን ሁለቴ ደወለ። «አያይዢውና ላኪው እህቴ፤ ከዚያ በኋላ እንተኛለን።»

ፖስታውን አሁን ቀደድኩት።

ያው ቀን፣ አውቶቡስ ውስጥ

ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ የወንዙ መንገድ ነው፤ ቃሉ ግን ትክክል ነው።

ተራዬ ደረሰ። ማሽኑን የያዘችው ሴት ደብዳቤውን ተቀብላ መስተዋቱ ላይ አስተኛችው። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከንፈሯን መጠጠች።

«የኔ እናት፣ እዚህ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ነገር አለ። ልቁረጠው ወይስ ይግባ? ብዙ ሰው ንጹሑን ነው የሚወደው።»

«ምን ይላል?» አልኳት። አንብቤዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «‹ደብተሩ ጠፋ ብዬ ፈርሜያለሁ። ሰሌዳው ከድሮው አንድ ስንዝር ዝቅ ማለቱ ግን አብሮ እንዳይጠፋ። የድሮው ሲሚንቶ ጉቶ ዛሬም ከጎኑ አለ። ሰው ይላኩ፣ ይለኩት።›» ቀና አለች። «ምንድነው፣ የድንበር ክስ ነው?»

«የወንዝ ነው።»

«ታዲያ ልቁረጠው?»

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ስልኬ ጮኸ፤ እንደምንም ነው። አላነሣሁም። ለጥንቅቅ «ደብተሩ ተገኘ» ብዬ ላክሁላት። ሳልጨርስ መልሷ መጣ፦ «በሰላም ሂጂ።» እሄዳለሁ አላልኳትም ነበር።

ቦርሳዬን ዳበስኩ። ደብተሩ አለ። ሜትሩ አለ።

«ወረፋ አለ እኮ የኔ እናት። ቆርጬ ንጹሑን ላድርግልሽ» አለችና ክዳኑን ከድና ቁልፉን ተጫነች። መብራቱ ከወረቀቱ ሥር መሄድ ጀመረ። ክዳኑን አነሣሁ። አረንጓዴው ብርሃን ፊቴ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ሳብኩት።

«አልጨረሰም እኮ!» አለችኝ።

ጠርዙ እንዳይታጠፍ ደብተሩ ውስጥ፣ ዘጠኙ ባዶ መስመር ላይ ከትቼው ወጣሁ።